ሃምሳውን የጾመች ልጅ

ጎንደር፣ ነሐሴ ፱ ቀን ፲፱፻፶፰ ዓ.ም.

ለውድ እህቴ፣

እንደምን ከርመሽልኛል? ክረምቱስ እንዴት ይዞሻል? ጉልበትሽ ተሻለው ወይ? የደባት ብርድ ጉልበት እንደሚወድ አውቃለሁና የላክሁልሽን የሱፍ ጨርቅ ጠቅልለሽ ተኚበት፤ ለእንግዳ ብለሽ ሣጥን ውስጥ እንዳታስቀምጪው። ቄስ አድማሴ እንደምን ናቸው? ላሚቱ ወለደች? ገብሱን በረዶ አልነካውም? እኔ አምላክ ይክበር ይመስገን ደኅና ነኝ። ደኅናም ብቻ አይደለሁ፤ ዛሬ ጠዋት ብቻዬን ጓሮ ቆሜ ስስቅ ጎረቤቴ ሸዋአየሁ በአጥር ቀዳዳ አይታኝ አማተበች።

ያሳቀኝን ልንገርሽ። ልጅሽ ባንቺአየሁ ዛሬ ጠዋት ሁለት እንቁላል በቅቤ በላች። በልታም ሳህኑን ገፋ አደረገችና «እትዬ፣ ጨው አንሶታል» አለችኝ። እህቴ፣ ይህ ቃል ለእኔ ምን ማለት እንደሆነ እስከ ደብዳቤው መጨረሻ ድረስ ካልታገሥሽኝ አይገባሽም። ያልቀመሰ ሰው የጨውን ማነስ አያውቅም።

አሁን እዚህ ላይ ስትደርሺ ቆም እንዳልሽ ይታየኛል። ነሐሴ ዘጠኝ እኮ ፍልሰታ ነው ትያለሽ። የሰባት ዓመት ሕፃን እንኳ ቅዳሴ ሳይወጣ ውሃ በማይቀምስበት ጾም የቄስ ልጅ እንቁላል በቅቤ በላች ብላ ትጽፍልኛለች፣ እህቴ አበደች ወይ ትያለሽ። አላበድሁም። ይልቅ ደብዳቤውን የምጽፈው ወሬው ከእኔ ቀድሞ እንዳይደርስሽ ነው። ይህን የሚያመጣልሽ አያ ዳኛው ቅቤ ነጋዴው ነው። ባለፈው ማክሰኞ ገበያ ወርጄ አንድ ጣሳ ስጠኝ ብለው ቀና ብሎ አየኝና «ምነው እሜቴ፣ በፍልሰታ?» አለኝ። ለፀጉሬ ነው አልሁት። ሻሼን አየት አደረገና «ይህ ሁሉ ይችን ለምታህል ጸጉር? የሦስት ሙሽራ ራስ ይቀባል እኮ» ብሎ ሳቀብኝ። እንዳላመነኝ አውቄዋለሁ። እሱ ደባት ሲደርስ ዝም እንደማይል ደግሞ አንቺም እኔም እናውቃለን። ስለዚህ ወሬውንም ደብዳቤውንም በአንድ አህያ ጫንኋቸው።

አንድ ነገር ልለምንሽ። አንቺ አባታችን ዘንድ ዳዊት የደገምሽ ነሽና ራስሽ አንብቢው። ለቄስ አድማሴ ሰላምታውን፣ የአባ ገብረ ሚካኤልንም ቃል አንብቢላቸው። የቀረው የእኔና የአንቺ ነው።

ከጥር ወዲህ ሦስት ደብዳቤ ጽፌልሻለሁ። በሦስቱም ባንቺአየሁ ደኅና ናት፣ በትምህርቷም በጾሟም በርትታለች ብያለሁ። ለፋሲካ ላኪልኝ ስትዪኝ ፈተና አለባት አልሁ። ፈተና አልነበረባትም። እንዳታዪያት ፈርቼ ነው። እንግዲህ ከዚህ የባሰ ውሸት ከሌለኝ እውነቱን ከሥሩ ልንገርሽ።

በ፶፬ ዓ.ም. መስከረም ልጅሽን እጄ ላይ ስታስረክቢኝ፣ አንቺ ልጅ የለሽምና ልጅ ትሁንሽ፣ እሷም ፊደል ትቁጠርልኝ ብለሽ ነበር። ምን የመሰለች ልጅ ነበረች። ጉንጯ እንደ ደባት ልጅ ቀይ፣ ስትስቅ ቤት የምትሞላ። እኔ በማስተምርበት በሴቶቹ ክፍል አስገባኋት። የስፌት አስተማሪ እንደ መሆኔ የልጆቹን ሁሉ የደንብ ልብስ የምሰፋ እኔ ነኝ። በየዓመቱ ሰኔ ላይ ሜትሬን አንገቴ ላይ ጥዬ፣ መርፌ በከንፈሬ ይዤ፣ አንድ በአንድ እለካቸዋለሁ። አምና ሰኔ ተራዋ ደርሶ ወገቧን ስለካት ሜትሩ ከካቻምናው አልፎ ሄደ። ያደገች ልጅ ናት፣ ምን ይደንቃል። እኔ ግን መርፌውን ከአፌ ሳላወጣ «ወገብሽ እንደ እናትሽ ሊሰፋ ነው፤ ምነው እኔን ብትመስዪ» አልኋት። አንቺን ለማማት አልነበረም፣ ማርያምን። ቀልድ ነበር። ልጆቹ ሁሉ ሳቁ። እሷም ሳቀች። ያን ሳቅ ዛሬ ሳስበው ጥርስ ብቻ ነበር።

ነሐሴ ሲገባ ሱባኤ ልያዝ አለችኝ። ከጓደኞቿ ጋራ ቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ አሥራ አምስቱን ቀን ሊቀመጡ። እንዴት ደስ አለኝ። ሽምብራ ጥሬ በመሐረብ ቋጥሬ ሰጠኋት። ፍልሰታ ሲፈታ መሐረቡ እንደ ተቋጠረ ተመለሰ፤ የጎደለ ነገር አይታይበትም። የነፍስ አባታችን አባ ገብረ ሚካኤል በልጆቹ ፊት አቁመዋት «ይህችን ተመልከቱ። የእናንተ አፍ ይጾማል፣ የእሷ አጥንቷ ነው የሚጾመው» አሏቸው። ሸዋአየሁ መጥታ ግንባሯን ሳመቻት፣ ለእኔም «ታድለሽ፣ ያልወለድሽው ጻድቅ ቤትሽ ገባ» አለችኝ። እኔስ ምን ልበልሽ፤ ነጠላዬን አሳምሬ ለብሼ በየማኅበሩ ስሟን እያነሣሁ ዞርሁ። ሰው ልጄ አንደኛ ወጣች ሲል እኔ ልጄ አትበላም እያልሁ ነበር።

ከዚያ የጽጌን ጾም ያዘች። የጽጌ ጾም የፈቃድ ነው፣ ይሁን አልሁ። ቀጥሎ የነቢያት ጾም መጣ፣ እሱስ የሁላችን ነው። ለጥምቀት ሰው ሁሉ ሲበላ ሲጠጣ እሷ ጸሎት አለብኝ አለች። ደግሞ እኮ ማጀት የገባች እንደ ሆነ ማንም አይችላትም። የእሷን እጅ የሚያህል ወጥ አልቀመስሁም፤ ልክ ልኩን ጨምራ፣ አሽትታ፣ አማስላ፣ አቅርባ፣ እንግዳውን ሁሉ በጉርሻ ታስጨንቃለች። በሞቴ፣ ትንሽ ጨምሩ፣ አልበላችሁም ትላለች። የራሷን ድርሻ ግን አላየሁም። ሰው አስተናጋጅን መቼ በላሽ ብሎ አይጠይቅም።

የደንብ ልብሷንም አጠበብሁላት። በኅዳር አንድ ጣት፣ በጥር አንድ ጣት፣ በየካቲት ሁለት፣ ለደብረ ዘይት ደግሞ ሌላ አንድ። አራት ጊዜ። ቀድሞ የሰፋሁት ሳይፈታ በላዩ ላይ በውስጥ በኩል እየሰፋሁ ሄድሁ፤ መልሳ ስትሞላ እፈታዋለሁ ብዬ ይሆን፣ ወይስ ስንፍና ይሁን አላውቅም። እሷ ወንበር ላይ ቆማ መስተዋቱን ታያለች፣ እኔ ተንበርክኬ እሰፋለሁ። ወገብሽ እንዴት ሸጋ ሆነ እላታለሁ። ይህን በገዛ እጄ እያደረግሁ ነበር እህቴ። ሌላ ማን ላይ ልፍረድ?

አላየሁም ነበር እንዳልልሽ አይቻለሁ። ማበጠሪያዋ ላይ የሚቀረውን የጸጉር ጥቅል አይቻለሁ። ክንዷ ላይ እንደ ጨቅላ ሕፃን ያለ ስስ ጠጕር ሲበቅል አይቻለሁ። ፀሐይ ላይ ቁጭ ብላ እንኳ ጥፍሮቿ በብርድ ሲጠቁሩ አይቻለሁ። የወር ልብሷ መታጠቢያው ላይ መታየት ካቆመ ስንት ወር እንደ ሆነውም አውቅ ነበር። ሌላ ሴት ብትሆን በዚህ ትደነግጥ ነበር፤ አረገዘች ብላ ጸጉሯን ትነጭ ነበር። እኔ አልደነገጥሁም። ለምን እንዳልደነገጥሁ አንቺ ታውቂዋለሽ።

አሁን ወደ ፋሲካው ልምጣልሽ፤ እዚህ ላይ ነው የወደቅሁት።

ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ሊነጋጋ ሲል ዶሮውን አቀረብሁ። ሠርታ ያደረችው እሷው ናት። አጎረስኋት። ተቀበለች፣ አላመጠች፣ ነጠላዋን ወደ አፏ አደረገች፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ አለች። ሁለተኛም ሦስተኛም እንዲሁ። ማግስቱን ልብስ ሳጥብ የነጠላዋ ጫፍ ላይ ወጥና የታኘከ እንጀራ ደርቆ አገኘሁ። ወዲያው ገባኝ። እንዴት እንደዚያ ፈጥኖ እንደ ገባኝ አትጠይቂኝ። ነጠላውን ደጋግሜ አሸሁት፣ እድፉን አስለቀቅሁት፣ አሰጣሁት፣ ዝም አልሁ።

ያኑ ሰኞ አባ ገብረ ሚካኤል ቤት ሊባርኩ መጡ። ገና ሳይቀመጡ «ልጄ ፈሰከች ወይ?» ብለው ጠየቁኝ። እንዴታ አባቴ፣ ጠግባ ነው የበላችው አልሁ። በመስቀላቸው ፊት። እሷ ከጓዳ በር ላይ ቆማ ትሰማኛለች። ዓይን ለዓይን ተያየን። ያን ጊዜ እኔና እሷ ማኅበርተኛ ሆንን ብል ውሸት አይደለም። ለምን ዋሸሽ ብትዪኝ፣ ስሟን በየቦታው ያነሣሁት እኔ ነኝ፤ ጾም ካልሆነ ምንድን ነው ልበል?

አንቺ የቄስ ሚስት ነሽና ለአንቺ ማስረዳት አያሻኝም፤ ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባለው ሃምሳ ቀን ረቡዕ የለ፣ ዓርብ የለ፣ መነኩሴው ሳይቀር ይበላል። ጌታ ተነሥቷል ተብሎ ጾም የተዘጋበት ጊዜ ነው። ልጅሽ ያን ሃምሳ ጾመችው። እኔም አብሬ ደበቅሁላት። ሸዋአየሁ ብቻ አንድ ቀን በአጥሩ ላይ ሆና «ይህች ልጅ ቡዳ ነው የበላት፤ እኔ ያየኋት እንደሆነ ጥላዋ ራሱ ከሳ» አለችኝ። ምላስሽ ይቆረጥ ብዬ ተጣላኋት፤ ሁለት ሳምንት እሳት አልተጫጫርንም።

ግንቦት አጋማሽ ላይ ለወላጆች ቀን የሚለብሱትን ስለካ ተራዋ ደረሰ። ሜትሬን ወገቧ ላይ ሳዞረው ዞሮ ዞሮ ተረፈኝ። ቁጥሩን ለማየት ጎንበስ ስል እላዬ ላይ ዘንበል አለች። ወድቃ አይደለም፤ ጨርቅ ከጠረጴዛ ሲንሸራተት እንዲያው ዝም ብሎ እንደሚመጣው ነው። አንሥቼ ታቀፍኋት። እኔ፣ ባልዲ ውሃ የሚከብደኝ ሴት፣ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ብቻዬን አንሥቼ ከክፍል እስከ ውጭ በር ወሰድኋት። አንድ ጥቅል አቡጀዲ ከእሷ ይከብድ ነበር።

ሐኪም ቤት የተቀበለን ፋንታሁን የሚባል የእንፍራንዝ ልጅ ነው፤ አባቱ ገበሬ፣ እሱ ውጭ አገር ተምሮ የመጣ። ፈረንጅ ቢሆን በአስተርጓሚ እዋሸው ነበር። ይህ ግን እንደ ገበሬ ልጅ ዓይን ዓይኔን እያየ ነው የሚጠይቀኝ። መቼ ጀምሮ ነው? አበባዋ ከቆመ ስንት ወር ነው? ምግብ ትደብቃለች? ለሰው ማብላት ትወዳለች? ይህን የመጨረሻውን ሲጠይቀኝ ማን ነገረው ብዬ ደነገጥሁ። የልቧን ምት አዳመጠና ዘወር ብሎ ለራሱ ይመስል «የሽማግሌ ልብ» አለ።

እኔ ጾም ነው አልሁት። አክብሮ ሰማኝ። ኋላም እንዲህ አለኝ። «ይህ በሽታ በሌላም አገር አለ፤ ስምም አለው። የሚጀምረው ከአእምሮ ነው፤ የሚገድለው ግን ሥጋን ነው። ረሀቧ የጠፋ እንዳይመስልዎት። ከእኔና ከእርስዎ ይልቅ ይርባታል። ያንን ረሀብ ባሸነፈች ቁጥር ግን የሆነ ነገር ያሸነፈች ይመስላታል፤ ዓለም ሁሉ ከእጇ ቢያመልጥ ይኼ አንዱ አያመልጣትም። ብትከሳም ለራሷ ወፍራም ሆና ነው የምትታያት። በምክር የሚለቅ ቢሆን ሐኪም ባላስፈለገ። በቁጣም አይለቅም።» አጥንቷ እየሳሳ፣ ደሟ እየቀጠነ፣ ልቧ እየዘገየ እንደሆነ አንድ በአንድ ነገረኝ። በዚህ ከቀጠለች አንድ ጠዋት ተኝታ ትቀራለች አለ።

ትወልድ ይሆን ወይ ብዬ ጠየቅሁት። እንዴት ይህን ከሁሉ አስቀድሜ እንደ ጠየቅሁ አላውቅም። በጊዜ ከተደረሰላት፣ ሥጋዋ ሲመለስ አበባዋም ይመለሳል፤ እየቆየ ከሄደ ግን ዓመታት ያለፉባቸው ሴቶች ሳይወልዱ የሚቀሩ አሉ አለኝ። በጊዜ ከተደረሰላት። ባሌን በላቸውን አሰብሁት። ሰባት ዓመት ጠብቆኝ፣ በየጠበሉ ተንከራትቶልኝ፣ በመጨረሻ አልቅሶ የሄደውን። ደግ ባል ነበር፤ ዛሬም አልቀየመውም።

ሐኪሙ ወረቀቱን ጽፎ ሲጨርስ በቁሜ እጄን ጨበጠኝ፤ አልለቀቀኝም። አንጓዬን በሁለት ጣቱ ያዘና ሰዓቱን አየ። የእርስዎስ እጅ ሁልጊዜ እንዲህ ይቀዘቅዛል ወይ አለኝ። የጎንደር ክረምት ነው አልሁት። ግንቦት እኮ ነው አለኝ።

ደግሞ ሌላ ጥፋት ላጠፋ ነበር፤ ይህችንም ልናዘዝ። ሸዋአየሁ መውደቋን ሰምታ ጠቡን ረስታ፣ ቅቤ የዋኘበት ገንፎ በገበታ ይዛ ሐኪም ቤት ድረስ መጣች። እኔም ደስ ብሎኝ ማንኪያ ስፈልግ ሐኪሙ ደረሰና ገበታውን ከእጃችን ቀማን። ለብዙ ጊዜ የተራበ ሰው በአንድ ጊዜ ካጠገቡት ደሙ ይናወጣል፣ ልቡ ቀጥ ሊል ይችላል፤ በማንኪያ በማንኪያ፣ ቀን በቀን ነው አለን። ሸዋአየሁ «እኔ ልግደላት? እኔ እኮ በደግ ነው» እያለች አለቀሰች። ገንፎውን አስታማሚዎቹ ተሻሙት።

በሦስተኛው ቀን አባ ገብረ ሚካኤል መጡ። ታማለች ብለው ጸሎት ሊያደርሱ ነው የመጡት። አልጋው አጠገብ ቆመው፣ ድሮ በልጆች ፊት ያቆሟትን ልጅ ፈልገው አጧት። እግራቸው ሥር ወድቄ የፋሲካውን ውሸቴን ነገርኋቸው። አልፈሰከችም አባቴ፣ ሃምሳውን ሙሉ እንዲህ ናት አልሁ። ሽማግሌው «በሃምሳው?» አሉ። ደገሙት። «በሃምሳውማ ጾም የለም። ዐርባ ዓመት ሙሉ ይህን ሳስተምር ኖሬ ዓይኔ ሥር አላየሁትም። መፍቻ የሌለው ጾም ጾም አይደለም፤ ሌላ ነገር ነው።» አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡና እሷን ይቅር በዪኝ አሏት። ካህን ልጅን ይቅርታ ሲጠይቅ አይቼ አላውቅም። እሷ ዓይኗን ጨፈነች፤ ዕንባዋ ግን ወረደ።

ቀጥሎ ያደረጉትን ለቄስ አድማሴ አንብቢላቸው፤ እሳቸው ይፈርዱታል። ቀኖና ሰጧት። ሌላው ሰው በድሎ ሲናዘዝ ስገድ፣ ጹም ይባላል፤ ለእሷ ግን «በቀን ሦስት ጊዜ ትበያለሽ። ይህ ንስሐሽ ነው። የሐዋርያትም ጾም ቢገባ፣ ፍልሰታም ቢገባ፣ እኔ በቃሽ ብዬ እስክፈታሽ ድረስ ትበያለሽ፤ ሐኪሙ ያዘዘልሽን ሥጋም ቅቤም ቢሆን። ያልበላሽ እንደ ሆነ ቀኖናሽን አፈረስሽ» አሏት። ለሐኪሙም ሲነግሩት ሳቀና፣ አባቴ፣ እኔ ሰባት ዓመት ተምሬ እንዲህ ያለ መድኃኒት አላገኘሁም አላቸው።

ልሸኛቸው ደጅ ስወጣ መለስ አሉና እኔን ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። «አንቺም አብረሽ። ሳህኑ አንድ ይሁን» አሉኝ። እኔ ደግሞ ምን አድርጌ አልሁ። ምንም፣ ለማጀብ ነው አሉ። እንግዲህ ለማጀብ ነው።

አሁን ሁሉም ተስተካከለ እንዳልልሽ። አራት ሳምንት ሐኪም ቤት፣ ሰባት ሳምንት ቤት ሆነን፣ ያላየሁት ነገር የለም። የተቀቀለ እንቁላል ካልሲዋ ውስጥ አግኝቻለሁ። ወተት የጎመኑ መደብ ላይ ተደፍቶ ድመቷ ስትልሰው ደርሻለሁ። አንድ ቀን ብዪ እንጂ፣ እናትሽን ምን ልበላት ብዬ ስጮህባት ሳህኑን ወረወረችውና «እዚህ ቤት ስኖር ስንት ዓመቴ ነው? አንቺ ስትበዪ አንድ ቀን አይቼ አላውቅም» አለችኝ። እኔ ቆሜ የማስተናግድ ሰው ነኝ፣ ሠርቼ ስጨርስ እቀምሳለሁ፣ ሴት ልጅ እንግዳ ሳይነሣ አትበላም አልኋት። ብዙ አወራሁ። ታውቂኝ የለ፣ ሲጨንቀኝ አወራለሁ። እሷ ሰማችኝና የወደቀውን እንጀራ ከመሬት አንሥታ፣ አራግፋ፣ ለሁለት ቆረሰችው። ግማሹን ወደ እኔ ዘረጋች። ዘርግታ ቆየች። ክንድ መዘርጋት ያደክማታል።

ወሰድሁት። ያን ቀን የበላነው አፈር የነካው እንጀራ ነው።

ከዚያ ወዲህ ነው ነገሩ ዘወር ያለው። በቶሎ አይደለም፤ ዛሬ ሁለት ጉርሻ ነገ አንድ እያለ። ሐኪሙ በየሳምንቱ ይመዝናታል፤ ሊመለስባት ይችላል፣ ዓመትም ሁለት ዓመትም ይፈጃል፣ አትዘናጉ ይለናል። ትናንት ግን ያቺን የደንብ ልብስ አወጣኋት። ከአራቱ ስፌት የመጨረሻውን፣ ለደብረ ዘይት ያጠበብሁትን፣ በምላጭ ጫፍ ክር በክር ፈታሁት። ስትለብሰው ልክ ሆናት። በሕይወቴ ብዙ ልብስ ሰፍቻለሁ፤ ልብስ በመፍታት እንዲህ ደስ ይለኛል ብዬ አላሰብሁም። እሷ መስተዋቱን ትታ ወደ እኔ ዞረችና፣ የለበስሁትን ቀሚስ በሁለት ጣቷ ቆንጠጥ አድርጋ መቼ የተሰፋ ነው አለችኝ። የሠርጌ ጊዜ አልኋት። ሃያ ዓመቱ ነው አለች። ጨርቁ ጠንካራ ነው አልሁ።

እንግዲህ የእኔን አወራሁ፤ አሁን ፍርዱ የአንቺ ነው። ልጄን ገድለሽ ነበር ብትዪኝ እውነት ነው። መጥቼ እወስዳታለሁ ብትዪም መብትሽ ነው፤ ሻንጣዋን በእጄ እሸክፋለሁ። ነገር ግን ደባት ሐኪም የለም፤ ሰውም ፍልሰታ ላይ የምትበላ የቄስ ልጅ አይቶ ዝም አይላትም። በአሽሙር ትሞትብናለች። ስለዚህ የምለምንሽ፣ ዝናቡ ፋታ ሲሰጥ አንቺ ነይ። ልትወስጃት አይደለም። ተቀምጠሽ ሳህናችንን እንድትጠብቂልን ነው።

አንቺ ይህን ታውቂበታለሽ። አባታችን የሞተ ጊዜ፣ እኔ የባንቺአየሁን ያህል ሳለሁ፣ ማጀት ከእህል ጎታው ጀርባ አስቀምጠሽኝ ጉርሻ ጠቅልለሽ ታጎርሺኝ ነበር። እስክውጠው ድረስም አፌን ከፍተሽ፣ ምላሴን አንሥተሽ ታዪኝ ነበር። ነጠላዬንም ትፈትሺኝ ነበር። ለእናታችን አልነገርሽብኝም። ተድረሽ ወደ ደባት የሄድሽ ቀን ሰው ሁሉ እህቷን ተለይታ ነው ብሎ ዕንባዬን ጠረገልኝ። እኔ ያለቀስሁት ግን ከዛሬ ወዲያ ማን ይፈትሸኛል ብዬ ነው። በዚያው ቀን ደግሞ ደስ ብሎኝ ነበር። ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

ወረቀቴ አለቀ። የሐኪሙ ትእዛዝ የምሳ ሰዓት ስድስት ተኩል ነው፣ አሁን ሰባት ሊሆን ነው። ባንቺአየሁ የራሷን ወገን ጨርሳ እጇን ታጥባ ተቀምጣለች። ለማን ነው የምትጽፊው አለችኝ፤ ለእናትሽ ስላት፣ ነይ በያት፣ ግን በመጀመሪያ ይህን ጨርሺ ብላ ሳህኑን ወደ እኔ ገፋችው። ደብዳቤ እየጻፍሁ ነው ስላት፣ ገብቶኛል፣ ለዚህ ነው የምትጽፊው አለችኝ። ምላሷ የአንቺ ነው።

የቀረኝ ትንሽ ነው። አራት ጉርሻ ቢሆን ነው።

ጉልበትሽን ያጽናልሽ፤ ላሚቱን ከነጥጃዋ፣ አዝመራችሁን ከነክምሩ ይባርክላችሁ። ቄስ አድማሴን እግዚአብሔር በመንበሩ ያቁምልሽ። በሕይወት አገናኝቶን ከአንድ ሳህን ለሦስት ለመቁረስ ያብቃን።

ፈጥነሽ ነይልኝ።

አፏን ከፍተሽ ታዪያት የነበረችው ታናሽ እህትሽ